ማንም የሚያነበው ዲስክ

በፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «አቶ እሺ» ነው የሚለው። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰ ሲሉት እሺ፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ተቆለፈ ሲሉት እሺ፤ የመጋዘን ሠራተኛዋ የልጇ ፎቶዎች ጠፍተውባት ስትመጣ ምሳውን ትቶ እሺ። እምቢ ማለት ሌላው ሰው ላይ እንደ ጥርስ በልጅነቱ ይበቅላል፤ እሱ ላይ ሳይበቅል ቀረ። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እሷም ገና ልጅ ነበረች፤ እሺ የሚል ልጅ ደግሞ ለማሳደግ አያስቸግርም። ማንንም ሳያስቸግር አድጎ፣ ማንንም ሳያስቸግር ተምሮ፣ የፋብሪካው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆነ።

ሥራውን ያገኘለትም የእህቱ ባል ነው። ፋብሪካው ከአሉሚኒየም ትሪ፣ ጎድጓዳ ሳህንና የድስት ክዳን ያወጣል። በትልቁ አዳራሽ ስድስት ፕሬሶች ተደርድረዋል፤ ከላይ የሚወርደው ብረት ከታች የተዘረጋውን ሉህ በአንድ ምት ሳህን ያደርገዋል። የእህቱ ባል ሦስተኛው ፕሬስ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከድምፁ የሚበልጥ፣ የሰው ችግር ካየ ቀድሞ የሚንጨረጨር ሰው ነበር። ነበር ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት፣ አዳራሹን የሚቀርጸው ካሜራ ኮምፒውተር ዲስክ ሞልቶ ቦታ የለኝም ማለት ሲያበዛ ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ከዋናው በር አጠገብ ባለችው የጥበቃ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ከስብሰባ አዳራሽ ተጥሎ የመጣ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን። ክፍሏ የአስር አለቃ ግዛት ናት። አስር አለቃ የቀን ዘበኛው ናቸው፤ ማዕረጉን የሰጣቸው ሠራተኛው ነው እንጂ፣ በውትድርና ዘመናቸው ሽንኩርት ከመላጥ ሌላ እንዳልሠሩ ራሳቸው እየሳቁ ያወራሉ። በየእሁዱ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ የሳምንቱን ቀረጻ በሩጫ አይተው «የተሰረቀ ነገር የለም» ብለው መዝገብ ላይ መፈረም ግዴታቸው ነው። ዓይናቸው ግን ደክሟል። በዚያች ጠባብ የኮምፒውተር ስክሪን እንኳን ሌባ፣ በሬ ቢነዳ አያዩም።

አቶ እሺ አዲሱን ዲስክ ይዞ መጣ። ተነቃይ ነው፤ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዛል። አዲስ ዲስክ መደርደሪያ ያልገባለት መጋዘን ማለት ነው፤ ዕቃ ከመግባቱ በፊት መደርደሪያው በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚቆም መምረጥ ያስፈልጋል። ፋይል ሲስተም የሚሉት ይህንኑ ነው። በእሱ ፊት የነበሩት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም ፋይል ይሸከማል፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም ምን እየጻፈ እንደነበር ያስታውሳል። ሁለተኛው ፋት ሠላሳ ሁለት ነው፤ ያረጀ ነው፣ ግን የማያውቀው ማሽን የለም። ቴሌቪዥን በሉት፣ የመኪና ቴፕ በሉት፣ ማንም ያነበዋል። አንድ ዐመል ብቻ አለው፤ አንዱ ፋይል አራት ጊጋባይት ከሞላ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ አይጨምርም።

ይህን አቶ እሺ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህም መጀመሪያ ኤንቲኤፍኤስን መረጠ፤ ዲስኩን ፎርማት አደረገ፤ ሠራ። እዚያ ላይ እጁን ቢሰበስብ ኖሮ የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር።

አስር አለቃ ዲስኩን ነቅለው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩት። ቴሌቪዥኑ አላውቀውም አለ።

«ልጄ፣ ተነቃይ ነው ስትለኝ እኮ፣ በቃ ከእንግዲህ እሁድ እሁድ በትልቁ ልመለከት ነው ብዬ ነበር።»

«ቴሌቪዥኑ አርጅቷል አስር አለቃ። ይሄኛውን አያነብም።»

«የሚያነበው ዓይነት የለም?»

«አለ፤ ግን…»

የእህቱ ባል በዚያው ሰዓት የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ካለ ምን ትጠብቃለህ? አድርግላቸው እንጂ!» አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ። «የሽማግሌውን ዓይን በዚያች ክብሪት በምታክል ስክሪን ልታፈሰው ነው? ደግሞ እኔን አጥርተው ይዩኝ። አንድ ቀን አንድ ነገር ቢመጣ የሚመሰክርልኝ ያ ካሜራ ነው።»

«የአንድ ቀን ቀረጻ አንድ ፋይል ነው፤ ሊተልቅ ይችላል፣ ጋሼ።»

«ይችላል ነው ወይስ ይተልቃል?»

አቶ እሺ አላወቀም። አሮጌውን ዲስክ ከፍቶ የአንዱን ቀን ፋይል መጠን ማየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር። ነገር ግን የሚወዳቸው ሁለት ሰዎች ፊቱ ቆመው በተስፋ ያዩታል፤ ሰው በተስፋ ሲያየው ደግሞ እሱ እጁም አፉም አይታዘዘውም። «እሺ» አለ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ዲስኩ በፋት ሠላሳ ሁለት ተቀየረ፤ ቴሌቪዥኑም አወቀው። አስር አለቃ ትልቁ ስክሪን ላይ የሦስተኛውን ፕሬስ ብሎን ሳይቀር አዩና፣ «ዓይኔን አበራህልኝ፤ ያንተም ዓይን አይጥፋ» ብለው መረቁት። ሦስቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ሁለት ወር አለፈ። ፋብሪካው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ትልቅ ትእዛዝ ተቀበለ፤ የቀኑ ኮታም በአንድ ጊዜ ሲሶ ያህል ጨመረ። እያንዳንዱ ፕሬስ ከፊቱ የብረት መከለያ አለው፤ መከለያው ካልተዘጋ ብረቱ እንዳይወርድ የሚያግድ አንድ ትንሽ መቆለፊያም አለው። መክፈትና መዝጋቱ ጊዜ ይበላል። የፈረቃው አለቃ መላ አገኘ። ሥራ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ኮታው ካልሞላ፣ በየፕሬሱ እየዞረ መቆለፊያውን በሽቦ ጠፍሮ ያታልለዋል፣ መከለያውንም ወደ ላይ ይሰቅለዋል። አስር ሰዓት ሲደወል ሽቦው ይፈታል፤ መከለያው ይወርዳል፤ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን ታጥቦ ይወጣል።

የእህቱ ባል ይህን ያወራው አንድ እሁድ፣ አቶ እሺ ባለበት፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። እህትየው የምትሰፋውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እና አንተ ለዚያ ብረት እጅህን ትሰጣለህ?»

«እምቢ ካልኩ ነገ በቦታዬ ሌላ ሰው ይቆማል። አይዞሽ፣ ካሜራ አለ እኮ። ወንድምሽ የተከለው ካሜራ! አንዲት ነገር ብትፈጠር ሽቦውን ያሰረው እጅ ወለል ብሎ ይታያል። ይሄንን አለቃውም ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል።»

እህትየው ወንድሟን አየችው። እሱም ራሱን ነቀነቀላት። ልብሱን አንስታ መስፋቷን ቀጠለች።

አንድ ረቡዕ፣ ለአስር ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሦስተኛው ፕሬስ መውረድ በሌለበት ጊዜ ወረደ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልናገርም። አቶ እሺ ከቢሮው ሮጦ ሲደርስ ሌሎቹ አምስት ፕሬሶች ቆመዋል፣ የሁሉም መከለያ ወርዷል፣ በአዳራሹ ውስጥ አንዲት ሽቦ አይታይም። የእህቱ ባል ሆስፒታል በር ላይ ሞተ።

በሳምንቱ ፋብሪካው አንድ ወረቀት ላከ። በታይፕ የተመታ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ባለ አንድ ገጽ። አደጋው የደረሰው ሟች የማሽኑን መከለያ በራሱ ፈቃድ በማንሳቱ መሆኑን ይገልጻል። ከታች ሦስት የፊርማ መስመሮች አሉት። የፋብሪካው ተፈርሟል። የፈረቃው አለቃ ምስክር ብሎ ፈርሟል። ሦስተኛው፣ «የቤተሰብ ተወካይ፣ ከላይ የተጻፈውን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚለው፣ ባዶ ነው። እህትየው ወረቀቱን አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።

«በራሱ ፈቃድ» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጥፍሩን ያልሰበረ ሰው! ልጆቼ አባታችሁ በገዛ ቸልተኝነቱ ነው የሞተው እየተባሉ ሊያድጉ ነው? ስማኝ፣ ወንድሜ። የፋብሪካውን ብር አልፈልግም፣ እንባቸውንም አልፈልግም። ያንን ቀረጻ አምጣልኝ። ሽቦውን ያሰረውን እጅ አሳየኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

ሠራተኛውን ብትጠይቁት ያየ የለም። አምስት ፕሬስ፣ አምስት ሰው፣ አሥር ዓይን፤ ሁሉም በዚያች ሰዓት ሥራው ላይ አቀርቅሮ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ያለው ሰው ምላሱ አጭር ነው። ከአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጣው ሰው፣ ከሲታና ትዕግሥተኛ ሰውዬ፣ አቶ እሺ ስለ ሽቦው የሰማውን ሲነግረው ጽፎ ያዘና፣ «ሰማሁ አይበቃም፤ ያየ አምጣልኝ» አለው።

«ያየ አለ» አለ አቶ እሺ። «ካሜራው አይቷል።»

በማግስቱ አራት ሆነው የጥበቃ ክፍሏ ውስጥ ተጠቀጠቁ፤ መርማሪው፣ የፈረቃው አለቃ፣ አስር አለቃና አቶ እሺ። የፈረቃው አለቃ ግንባር በላብ ተጥለቅልቋል፤ መሃረቡን ከእጁ አላስቀመጠም። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ የረቡዕ ቀረጻ ተከፈተ። የእህቱ ባል ታየ፤ በሕይወቱ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ አንዴ የሆነ ነገር አስቆት ራሱን ወደ ኋላ ሲጥል። መከለያው ይዘጋል፣ ብረቱ ይወርዳል፣ መከለያው ይከፈታል። እያሮጡት ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መከለያው እንደ ደንቡ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ ምስሉ ቆመና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም፤ ቀጣዩ ፋይል የሐሙስ ጠዋት ነው።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የለችም። አቶ እሺ ክው አለ። አፉን የቀደመው ደሙ ነው፤ «ቆርጠውታል!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ተቆርጧል! ሰው ነክቶታል!»

መርማሪው ብዕሩን አወጣ። «የዚህ ክፍል ቁልፍ ያለው ማን እጅ ነው?»

«እኔ ዘንድ» አሉ አስር አለቃ።

«ዲስኩን ከኮምፒውተሩ እየነቀለ የሚወስደውስ?»

«እኔው ነኝ፤ እሁድ እሁድ…»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለዚህ ነው። የፈረቃው አለቃ መሃረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ቀረጻውን ማን እንደቆረጠለት እሱም አያውቅም፣ ግን ላቡ ደረቀ። አስር አለቃን በዚያው ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ወሰዳቸው። ጉቦ በልተው ማስረጃ አጥፍተዋል ተባለ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛል፤ ትናንት «አባታችን» ሲላቸው የነበረው ሠራተኛ ሁሉ ድሮም ፊታቸው ደስ አይለኝም ማለት ጀመረ። ሽቦውን ያላየ ዓይን ጉቦውን ግን አይቷል። እህትየውም ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ፣ «የባሌን ሞት በስንት ሸጥከው?» ብላ ፊታቸው ላይ ጮኸችባቸው። አንቱታውን አንስታባቸዋለች።

አቶ እሺ በአራተኛው ቀን ሊጠይቃቸው ሄደ። በብረት ፍርግርግ መሃል አዩት። ከስተዋል፤ መነጽራቸውን ወስደውባቸዋል።

«ልጄ፣ አንተ ታውቀዋለህ» አሉት። «እኔ እንኳን ማጥፋቱን ማብራቱንም ያሳየኸኝ አንተ ነህ። እስቲ ያንን ዕቃ አንድ ጊዜ ገልጠህ እይልኝ። የጠፋ ነገር ከውስጡ ሊገኝ ይችላል ብለኸኝ ታውቃለህ።»

«እሺ አባቴ።»

ይህ ደግሞ እውነት ነው። ከዲስክ ላይ የተደመሰሰ ፋይል ብዙ ጊዜ ይገኛል። አቶ እሺ በዚያች ቀን ወደ ጥበቃ ክፍሏ የገባው ያችን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከተቀበረችበት ቆፍሮ ሊያወጣት ነው። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ የቀረውን ዲስክ ዝርዝር እጁ እየተጣደፈ ከፈተ። ከቀረጻው ቀን አጠገብ የእያንዳንዱ ፋይል መጠን ይታያል፤ ለፍለጋው እንዲያመቸው ወደ ባይት ቀየረው።

የረቡዕ ፋይል፣ 4,294,967,295።

ከላይ ያለው፣ የማክሰኞው፣ 4,294,967,295። የሰኞው ያው። የቅዳሜው ያው። ዝርዝሩን ወደ ላይ አንሸራተተ፤ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር። አንዲት ቁጥር እንኳ ፈቀቅ ያላለች አንድ ዓይነት አኃዝ ከላይ እስከ ታች ተሰልፋለች። ቁጥሯን ያውቃታል። በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድዷታል፤ የአራት ጊጋባይት ጫፍ ናት፤ ፋት ሠላሳ ሁለት ከሷ አልፎ አንድ ፊደል አይጽፍም። ካሜራው በየቀኑ ከሁለት ሰዓት ጠዋት ጀምሮ ይቀርጻል፤ ከዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ አንዳንዱን ቀን ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ አንዳንዱን ከሃያ አምስት ላይ፣ ዲስኩ ጠገብኩ ይላል። ፕሮግራሙም እሺ ብሎ ዝም ይላል፤ የካሜራው ቀይ መብራት ግን ያለማቋረጥ ይበራል።

የቆረጠ ሰው የለም። የተቀበረም ነገር የለም። ሽቦው በሚታሰርባት በዚያች በየቀኑ የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት፣ አራት ወር ሙሉ፣ ካሜራው አንድም ቀን አልጻፈም። አሮጌው ዲስክ ላይ ሙሉ ቀረጻ አለ፤ ግን እሱ ሽቦው ከመምጣቱ ከሁለት ወር በፊት የሞላ ነው። አስር አለቃም በየእሁዱ በትልቁ ቴሌቪዥን ሲያዩ ፋይሉ መጨረሻ ሳይደርሱ እንቅልፍ ስለሚያሸንፋቸው አላወቁም።

በተሰነጠቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያችን የምሳ ሰዓት አስታወሳት፤ ግማሽ ደቂቃዋን፣ ያልከፈተውን አሮጌ ዲስክ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው የምሳ ዕቃ። አለቀሰ ልበላችሁ? አላለቀሰም። መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ ማንም አላየኝም የሚል ነው፤ ሰው ነውና።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ቢሮው ገብቶ ሲወጣ ሥራ የሠራ ይመስል ነበር። ነገሩን እየገለበጠ ቢያየው በሁሉም በኩል ያቃጥላል። ዝም ቢል፣ ቀረጻው የተደመሰሰ እንደሆነ ይቆያል፤ የተደመሰሰ ቀረጻ ደግሞ የሚደበቅ ነገር እንዳለ ይናገራል። መርማሪው ፋብሪካውን ጠርጥሮታል፤ መዝገቡም አልተዘጋም፤ የእህቱ ባል ስም ገና አልተቀበረም። የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቢናገር፣ አስር አለቃ ይፈታሉ፤ ግን ማንም ያላጠፋው ቀረጻ ማንንም አይከስም፤ የቀረው ቀረጻ ደግሞ መከለያውን ተዘግቶ ያሳያል። ፋብሪካው እጁን ታጥቦ ይወጣል፤ ሟች በራሱ ፈቃድ ይሆናል። ሁሉንም ደስ የሚያሰኝ መልስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣ።

ቁጥሯን ባየ በአምስተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ እህቱ ቤት ሄደ። ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ልብስ መስፊያው ተሸፍኗል። ከተቀመጠ በኋላ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ሁለቱ ዓይነቶች፣ ስለ አራቱ ጊጋ፣ ስለዚያች ቁጥር። ኮምፒውተር አታውቅም፤ ግን አላቋረጠችውም፤ ማወቅ የሚያስፈልጋትን ሁሉ ገባት።

«ካሜራው ሲሠራ ሲሠራ አይቶት፣ ሲሞት ዓይኑን ጨፈነ በለኛ» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያንን ዓይነት ለምን መረጥከው?»

«ማንም እንዲያነበው ብዬ።»

«ይሄን ለማን ነገርክ?» አለችው።

«ላንቺ ብቻ።»

«ተወው እንግዲህ። ባለበት ይቆይ። መርማሪው የተደመሰሰ ነው ብሎ አምኗል፤ ይመን።»

«አስር አለቃ ታስረዋል እትዬ።»

«ይፈታሉ። ስድስት ወርም ይሁን ዓመት ይፈታሉ። የኔው ግን አይፈታም።» እጁን ያዘችው። «ወንድሜ፣ እኔ አንተን ስጠይቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሳድግህ ምንም አልጠየቅኩህም። ዝም በልልኝ። እሺ በለኝ።»

እሺ አፉ ላይ ነበረች፤ እንደ ልማዷ ተዘጋጅታ። የሽማግሌውን ባዶ ዓይን አስታወሰ፣ መነጽር የሌለውን።

«አልችልም፣ እትዬ» አለ።

እጇን ከእጁ ላይ አነሳች። ያን ጊዜ ደንገጥ አለ፤ እህቱ ስትከፋበት መቆም አያውቅምና ሊያባብላት ፈለገ፤ ሊያባብል ፈልጎም በሕይወቱ የከፋችውን ቃል ተናገረ።

«ጋሼ ራሱ ቢኖር ኖሮ ይሄንኑ ነበር የሚለኝ። እሱ ራሱ ነው እኮ ለሽማግሌው ዓይን ብሎ ይቀየር ያለኝ። እኔ መጀመሪያ ደህናውን አድርጌው ነበር፤ እሱ ራሱ ነው…»

አልጨረሰውም። ፊቷን ሲያይ አቆመ።

«እሱ ራሱ» አለች ቀስ ብላ።

«እትዬ፣ እንደዚያ ለማለት አይደለም…»

ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። ወረቀቱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ፣ ዘርግታ አስቀመጠችው። በጣቷ መስመሩን አሳየችው፤ በራሱ ፈቃድ የሚለውን። ከዚያ ጣቷን ወደ ታች፣ ወደ ባዶው መስመር ወሰደች።

«አንድ ወር ሙሉ አንተን ስጠብቅ አልፈረምኩበትም» አለች። «ሂድና ንገራቸው። ሽማግሌው ይፈቱ፤ ልክ ነህ፣ እሳቸው ምን በወጣቸው። ስትነግራቸው ግን ይሄ ወረቀት እውነት ይሆናል። እውነት ከሆነ ፈራሚ ያስፈልገዋል። እኔ አልፈርምም፤ እኔ እሱ ራሱ ነው ብዬ አላውቅም። ያልከው አንተ ነህ።»

ብዕር ከልብስ መስፊያው ላይ አምጥታ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠች። ውጭ ልጆቹ በሩጫ ሲመለሱ፣ ታናሽየዋ ስትስቅ፣ ይሰማል፤ ሳቋ የአባቷ ነው። አቶ እሺ ብዕሩን አነሳ። የቤተሰብ ተወካይ የሚለው ላይ የእጁ ጥላ ወደቀ።

«በደንብ አድርገህ ጻፈው» አለች እህቱ፣ ልጆቿ ሳይገቡ በሩን ልትዘጋ እየሄደች። «ማንም እንዲያነበው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ።